ቶኪዮ በኢትዮጵያውያን ዓይን፤ «አኪራ» የተባለው የሥዕል ፊልምና የልደታው የሕንፃ ትምህርት

ፊልም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲታይ በከተማ ሲኒማ ቤት ሲታይ ከሚኖረው የተለየ ጠባይ አለው። ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ዋጋውን ከፍሎ፣ ደስ ብሎት ወይም አዝኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በግቢ አዳራሽ ግን ተመልካቹ ተማሪ ሲሆን ግራና ቀኝ የተቀመጡትም የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። መብራት ሲበራ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም በማግሥቱ በንድፍ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀጥላል። የጃፓን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሥዕል ፊልሞች ከሀገራቸው ውጭ ወዳጅ ካፈሩባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙዎች የሥዕል ፊልም የሕፃናት መጫወቻ ብቻ ነው ብለው በተዉበት ዘመን፣ የተማሪዎች ክበባት ቅጂዎችን እየፈለጉ በየአዳራሹ ያሳዩ ነበር።

ከእነዚህ ፊልሞች መካከል የግንባታ ባለሙያን በቀጥታ የሚመለከት አንድ አለ። ይኸውም ካትሱሂሮ ኦቶሞ ያዘጋጀውና ሐምሌ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1988) በጃፓን ለሕዝብ የቀረበው «አኪራ» ነው። የፊልሙ ጉዳይ ከተማ ነው፤ ፈርሶ የተሠራና እንደገና የሚፈርስ ከተማ። እንዲህ ያለውን ፊልም ለማየት በኢትዮጵያ ውስጥ ከአዲስ አበባው የልደታ ግቢ ይበልጥ የሚስማማ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ከኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ አካል የሆነ፣ ዛሬም የኢትዮጵያ የኪነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት የሚገኝበት ነው። ሕዝቡ ግን ዛሬም «ሕንፃ ኮሌጅ» ይለዋል። ከአጥሩ ውጭ ያለው የልደታ ማርያም ሠፈርም ባለፉት ዓመታት ፈርሶ ከተሠሩት የከተማዋ ሠፈሮች አንዱ ነው።

የልደታ ተማሪ በ«አኪራ» ውስጥ የሚያየውን ቶኪዮ በሚገባ እንዲረዳ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ታሪክ አለ። ኢትዮጵያውያን ቶኪዮን ማየት የጀመሩት ከፊልሙ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ነው፤ ባዩአትም ጊዜ ሁሉ ከተማይቱ ከአንድ ጥፋት በኋላ እየተሠራች ወይም ተሠርታ ያለቀች ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የኅሩይ ቶኪዮ

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ረቂቅነት የተዘጋጀው ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት በአርአያነት የተከተለ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ። ከጉዟቸው ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን በዚያው በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ምሁራን ጃፓን የጥንት ሥርዓቷን ሳትጥል በአንድ ትውልድ ዕድሜ የፋብሪካና የባቡር አገር መሆኗን እያነሡ ኢትዮጵያም ይህንኑ መንገድ እንድትከተል ይመክሩ ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የደረሱባት ቶኪዮ ገና አዲስ ነበረች። ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923) እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የምሳ ምድጃ በየቤቱ ይነድድ በነበረበት ሰዓት በመሆኑ፣ ከንዝረቱ ይልቅ በእሳቱ ቶኪዮንና ዮኮሐማን አጠፋ። የሞተው ሕዝብ ከ100,000 በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የተካሄደው የመልሶ ግንባታ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1930 ተጠናቀቀ በመባሉ የኢትዮጵያው መልእክተኛ ያዩት ሰፋፊውን ጎዳና፣ በሱሚዳ ወንዝ ላይ የተዘረጉትን የብረት ድልድዮችና በአርማታ የተሠሩትን ትምህርት ቤቶች ነው።

የዚያ ሥራ ዘዴ ለግንባታ ባለሙያ ከድልድዮቹ ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። ጃፓኖች በተቃጠለው ሠፈር «የመሬት ድልድል ማስተካከል» ሊባል የሚችል አሠራር ተጠቀሙ። እያንዳንዱ ባለይዞታ ከመሬቱ ጥቂት እጅ ለመንገድና ለመናፈሻ ይለቅቃል፤ የቀረው ተስተካክሎና ቅርጽ ይዞ በዚያው አካባቢ ይመለስለታል። እስከ አንድ አሥረኛ ለሚደርሰው ድርሻ ካሣ ስላልተከፈለ ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ከጎረቤቱ ሳይለያይ ከተማው አዲስ መንገድ አገኘ። ከትምህርት ቤቶች አጠገብም 52 አነስተኛ መናፈሻዎች ተሠሩ። ትምህርት ቤቱና መናፈሻው እንዲጎራበቱ የተደረገው በአዘቦት ቀን ሕፃናት እንዲጫወቱበት፣ በአደጋ ቀን ደግሞ የሠፈሩ ሰው እንዲሸሽበት ነው።

የአበበ ቶኪዮ

ይህች በብዙ ድካም የተሠራች ከተማ አሥራ አምስት ዓመት አልቆየችም። መጋቢት 1 ቀን 1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1945) ሌሊት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በእንጨት ቤቶቹ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ አዘነቡ። በዚያ አንድ ሌሊት ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ወደ 41 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ከተማም ዐመድ ሆነ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያለ ቤት ቀረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የሆነው ይታወቃል።

ከተማይቱ እንደገና መሠራቷ ለዓለም በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1964 በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ነው። ለጨዋታው መክፈቻ እንዲደርስ ተብሎ ቶኪዮንና ኦሳካን የሚያገናኘው 515 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የፈጣን ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ሥራ ጀመረ፤ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር ደረሰ። የኬንዞ ታንጌ የዮዮጊ ስፖርት አዳራሽ ጣሪያውን እንደ ተንጠልጣይ ድልድይ በብረት ገመድ ሰቅሎ የመዋቅር ባለሙያዎችን ሁሉ አስደነቀ። የከተማው ፈጣን መንገድ ደግሞ የግል መሬት ለመግዛት ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረ በወንዞችና በቦዮች ላይ በምሰሶ ቆመ። የጃፓን መንገዶች ሁሉ ርቀት የሚለካበት ጥንታዊው የኒሆንባሺ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ መንገድ ጥላ ሥር ዋለ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በዚህ አዲስ ከተማ ውስጥ ሮጠ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ከብሔራዊው ስታዲየም ተነሥቶ በኮሹ አውራ ጎዳና እስከ ቾፉ ሄዶ ተመለሰና በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በተከታታይ ሁለት የኦሎምፒክ ማራቶኖችን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ከ12 ቀን በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥርጭቱን ጀመረ። በዚያው ዘመን የልደታው የሕንፃ ኢንስቲትዩት አሥረኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ተማሪዎቹም በስዊድንና በኢትዮጵያ መምህራን እየተመሩ ስለ አርማታ፣ ስለ ጡብና ስለ አዲስ አበባ ዋልካ አፈር ይማሩ ነበር። ቶኪዮ ለዚያ ትውልድ የፍጥነት ማረጋገጫ ነበረች። በሃያ ዓመት ውስጥ ከዐመድ ወደ ፈጣን ባቡር የደረሰ አገር ካለ፣ ማንም ሊደርስ ይችላል የሚል ተስፋ ትሰጥ ነበር።

ፊልሙ እንዴት ተሠራ

«አኪራ»ን ያዘጋጀው ካትሱሂሮ ኦቶሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የተወለደ ነው። ያደገው የጦርነቱ ፍርስራሽ ተጠርጎ ኦሎምፒኩ በተደረገበትና ቀጥሎም የተማሪዎች ዐመፅ በየዩኒቨርሲቲው በተቀጣጠለበት ዘመን ነው። በሥዕል የሚነገረውን ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1990 በአንድ መጽሔት ላይ በተከታታይ አወጣ፤ ሲጠናቀቅም በስድስት ቅጽ ከ2,000 ገጽ በላይ ሆነ። ፊልሙ የተሠራው ታሪኩ ሳያልቅ መካከል ላይ ነው።

በእጅ የሚሣል ፊልም ሥራው ብዙ፣ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ፊልም በየሴኮንዱ 24 ምስል ያሳያል። «አኪራ» 124 ደቂቃ ስለሚረዝም በጠቅላላው 178,560 ያህል ምስሎች በመብራቱ ፊት ያልፋሉ። የጃፓን የቴሌቪዥን የሥዕል ፊልም እ.ኤ.አ. በ1963 ከኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» ጀምሮ ወጪ ለመቆጠብ አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እየደገመ ማንሣትን፣ አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ የቀረው ሰውነት እንዲቆም ማድረግን ለምዶ ነበር። የኦቶሞ ቡድን ይህን ቁጠባ ተወው። ከ160,000 በላይ ግልጽ የፕላስቲክ ሉሆች ላይ ሣለ። ሌሎች አዘጋጆች ብዙ ቀለም ስለሚጠይቅ የሚሸሹትን የሌሊት ትዕይንት የፊልሙ ዋና መልክ አደረገው። ለዚህም 327 ቀለሞች የተጠቀመ ሲሆን ከእነዚህ 50ዎቹ ለዚህ ፊልም ሲባል ብቻ የተቀመሙ ነበሩ። ንግግሩም እንደ ልማዱ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ተቀርጾ፣ የእያንዳንዱ ሰው የከንፈር እንቅስቃሴ በድምፁ መጠን ተሣለ። ሙዚቃውን የደረሰው በሙያው ሳይንቲስት የሆነው ጽቶሙ ኦሐሺ ነው፤ ሾጂ ያማሺሮ በሚለው የኪነት ስሙ ይታወቃል።

ወጪው ለአንድ ኩባንያ ከባድ ስለነበረ አሳታሚው ኮዳንሻ፣ አከፋፋዩ ቶሆ፣ አሻንጉሊት ሠሪው ባንዳይና ሌሎችም ኩባንያዎች «የአኪራ ኮሚቴ» በሚል ስም ተጣምረው ያዙት። ለትልቅ ግንባታ ሥራ ተቋራጮች በሽርክና እንደሚገቡት ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም ብዙው የዋለው በሰዎቹ ላይ ሳይሆን በከተማው ላይ ነው። ሕንፃዎቹ መስኮት በመስኮት ተሥለዋል። ቧንቧው፣ የፍሳሽ ማስወገጃው፣ የአየር ማናፈሻው፣ የፈረሰው አስፋልት፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ በቦታው አለ። የንድፍ ትምህርት የተማረ ተመልካች ሠዓሊዎቹ ሕንፃን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም እንደሚያውቁት ይገነዘባል።

ከስታዲየሙ ሥር የተቀበረው

የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1988፣ ማለትም ፊልሙ ለሕዝብ በቀረበበት በዚያው ቀን፣ ቶኪዮ በአንድ ታላቅ ፍንዳታ ትጠፋለች። ይህ ቀን የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1945 የተደረገበት ቀንም ነው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በባሕረ ሰላጤው ላይ በአፈር ሙሌት «አዲሲቱ ቶኪዮ» ተሠርታ ትታያለች። ኬንዞ ታንጌ እ.ኤ.አ. በ1960 ቶኪዮን በባሕረ ሰላጤው ላይ ለመዘርጋት አንድ ሰፊ ፕላን አውጥቶ ነበር። ያ ፕላን አልተሠራም፤ የፊልሙን ከተማ ያየ አርክቴክት ግን ፕላኑን ማስታወሱ አይቀርም።

የታሪኩ ባለቤቶች ካኔዳና ቴጽዎ የተባሉ ወላጅ የሌላቸው ወጣቶች ናቸው። የሚማሩት በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነው። ከልደታ ግቢ ብዙ ሳይርቅ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ስላለ የአካባቢው ተመልካች ይህን ሳያስተውል አያልፍም። ከተማው ለእነዚህ ወጣቶች የሰጣቸው ነገር የለም፤ ማታ ማታ በሞተር ብስክሌት በባዶ አውራ ጎዳና ከመሮጥ በቀር የሚያደርጉት የላቸውም። በጎዳናው ላይ ተቃዋሚ ሰልፈኞች ከፖሊስ ጋር ይጋጫሉ፤ ሹማምንቱ በስብሰባ አዳራሽ ስለ በጀት ይጨቃጨቃሉ።

አዲሲቱ ቶኪዮ እ.ኤ.አ. ለ2020 የኦሎምፒክ ጨዋታ እየተዘጋጀች ነው። ስታዲየሙ የሚሠራው በአሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ፍንዳታው በቆፈረው ጉድጓድ አካባቢ ነው። ጨዋታው ሊከፈት 147 ቀን እንደቀረ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ በሰሌዳው ላይም አንድ ሰው ጨዋታው ይሰረዝ የሚል ጽፎበታል። ከስታዲየሙ ሥር በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ ወደ ፍጹም ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ፣ መንግሥት የሸሸገው ነገር ተቀምጧል። ይኸውም የፊተኛው ጥፋት ምንጭ የሆነው የአኪራ ቅሪት ነው። ከተማይቱን ያጠፋውን ነገር መርምሮ፣ ለሕዝብ ገልጦና ተጠያቂውን ለይቶ መሥራት ሲገባ፣ አቀዝቅዘው ቀበሩትና በላዩ የደስታ ቦታ መሥራት ጀመሩ። ፊልሙ በዚህ ላይ ያለው ፍርድ ግልጽ ነው፤ የተቀበረው ወጣ፤ ከተማይቱም ሁለተኛ ጠፋች።

የጃፓን ሰው ይህን ሲያይ ባዕድ ታሪክ አልሆነበትም። በኅሩይ ዘመን የነበረችው ቶኪዮና በአበበ ዘመን የነበረችው ቶኪዮ በአንድ ቦታ ላይ የተደራረቡ ናቸው፤ የአንዱ ከተማ ዐመድ የሌላው የመሠረት ሙሌት ሆኗል። በብላቴን ጌታ ኅሩይ ዓይን ጃፓን የብርሃን ማኅደር ነበረች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የዚያችው አገር ልጅ ብርሃኑ ከየት እንደመጣና ከሥሩ ምን እንዳለ ጠየቀ። ሁለቱም እይታ እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ግን አያዋጣም።

ፊልሙ የተናገረውና በኋላ የሆነው

እ.ኤ.አ. በ2013 ቶኪዮ የ2020ን ኦሎምፒክ እንድታዘጋጅ በእርግጥ ተመረጠች። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጨዋታው ተላለፈ፤ ብዙ ሰዎችም የፊልሙን ሰሌዳ አስታወሱ። ይህ አጋጣሚ ነው፤ ፊልሙ ትንቢት ተናገረ ማለት አይደለም። ከአጋጣሚው ይልቅ የሚያስተምረው በስታዲየሙ አጠገብ የሆነው ነው።

ለ1964 ጨዋታ ሲባል ከስታዲየሙ አካባቢ የተነሡ ነዋሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዚያው አጠገብ ካሱሚጋኦካ በተባለው የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት ገቡ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ አዲሱ ሲሠራ ያ የጋራ መኖሪያ ቤትም ፈረሰ። ስለዚህ በወጣትነታቸው በአንዱ ኦሎምፒክ የተነሡ ሰዎች በእርጅናቸው በሌላው ኦሎምፒክ ሁለተኛ ተነሡ። አበበ ቢቂላ በድል የገባበት ስታዲየም ታሪክ ይህንንም ይጨምራል። ሰሎሞን ባረጋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2021 በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው በዚያው ቦታ በተሠራው አዲሱ ስታዲየም ነው።

የኒሆንባሺ ድልድይ ነገርም ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በጥድፊያ ከላዩ የተዘረጋው ፈጣን መንገድ ከመሬት በታች እንዲገባ ተወስኖ ሥራው ተጀምሯል፤ የላይኛው መንገድ የሚነሣውም እ.ኤ.አ. በ2040 እንደሚሆን ታቅዷል። ለጥድፊያው የተቆጠበው ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ ዘግይቶ በብዙ ወጪ ይከፈላል ማለት ነው። በ1963 የሠሩት መሐንዲሶች ሙያ አላነሳቸውም። የተጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እስከ መክፈቻው ቀን ይደርሳል ወይ የሚል። እነርሱም አደረሱት።

ልደታ

ከቶኪዮ ወደ ልደታ ስንመለስ ጉዳዩ በስፋቱ ይለያል እንጂ በዓይነቱ አይለይም። ልደታ ስሟን ያገኘችው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቦት 1 ቀን በየደጁ ንፍሮ የሚቀቀልባት፣ ቡና የሚፈላባት ሠፈር ነበረች። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በዚህ አቅጣጫ እንደነበረ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው የሠፈር ስም እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

አዲስ አበባ ፕላን አላጣችም። ፋሺስት ኢጣልያ በወረራው ዘመን ሕዝቡን በዘር ለይቶ ለማስፈር ያወጣው ፕላን ነበር። ከነጻነት በኋላም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈረንሳዊው ዴ ማሪየን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የሀንጋሪያዊው ፖሎኒ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ ደግሞ የኢትዮጵያና የኢጣልያ ባለሙያዎች ቡድን ያዘጋጁአቸው ፕላኖች ተከታትለዋል። በእነዚህ ፕላኖች ሥር ግን ሠፈሩ በራሱ ሕግ ሲያድግ ኖረ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ በልደታ ያሉት አነስተኛ የጭቃ ቤቶች በአብዛኛው በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበረ ለድኻው መጠለያ ሆነ፤ ይኸው ኪራይ ለጥገና የማይበቃ በመሆኑ ደግሞ ቤቶቹ ከዓመት ዓመት እያረጁ ሄዱ። መጸዳጃ ቤት ለብዙ ቤተሰብ አንድ ነበር፤ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንገድም ብዙ ነበር። ልደታ እንደነበረች ትቆይ ብሎ በቅንነት ሊከራከር የሚችል ባለሙያ አይገኝም።

በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ዓመታት የልደታ መልሶ ማልማት ተጀመረ። አሮጌው ሠፈር ፈረሰ፤ ከቦታው ከፊሉ ለጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ዋለ፤ ከፊሉ ለንግድ ሕንፃ በሊዝ ተሰጠ። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ቅድሚያ ክፍያውን ከቻሉ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ካልቻሉ በሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት እንዲመርጡ ተደረገ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም በልደታና በተግባረ እድ ጣቢያዎች ያልፋል። አዲሱ ቤት ውኃና መጸዳጃ ከውስጡ አለው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅም አይገባም።

ይሁን እንጂ በአፈር ምርመራ ዘገባ ላይ የማይገባ ነገር አለ። የእድር አባላት በየአቅጣጫው ሲበተኑ ድንኳኑን ማን ይጠብቃል? በደጅ እንጀራ ትሸጥ የነበረች ሴት በአራተኛ ፎቅ ላይ ምን ትሸጣለች? ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለራሱ የቀን ሥራ በእግሩ ይደርስ የነበረ ሰው ከከተማው ዳር ሲሄድ የትራንስፖርቱን ዋጋ ከምን ያመጣል? እነዚህ ነገሮች በመዋቅር ስሌት ውስጥ ክብደት ሆነው አይገቡም። ክብደታቸው ግን አለ፤ ሳይቆጠር በመቅረቱም አይቀንስም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ ይኸው ጥያቄ በፒያሳና በሌሎችም ሠፈሮች እንደገና ተነሥቷል።

የፊልሙ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። «አኪራ» አትገንቡ አይልም። አዘጋጆቹ ከተማን የሚጠሉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እያንዳንዱን መስኮት በእጃቸው ለመሣል ዓመታት ባላጠፉ ነበር። የሚናገሩት ከመሠረቱ ሥር ያለውን ሳያውቁና ሳይናገሩ መሥራት አደገኛ መሆኑን ነው። የግንባታ ባለሙያ ይህን በሙያው ያውቀዋል። ዋልካ አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሸማቀቅ ግድግዳ እንደሚሰነጥቅ ስለሚያውቅ፣ ጠርጎ ሳያወጣ ወይም መሠረቱን ከሥሩ ሳያወርድ አይሠራም። ለሰው ኑሮም ይኸው ጥንቃቄ ይገባል።

ስለዚህ ፊልሙ በልደታው ግቢ አዳራሽ ሲታይ ትዕይንቱ ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ጠቃሚ ነው። ከፊልሙ በኋላ በሚደረገው ውይይት ቀድሞ በልደታ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችና የእድር ዳኞች ቢጋበዙ፣ በአንድ ወገን የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ በሌላው ወገን የመዋቅርና የመንገድ መሐንዲሶች ቢቀመጡ፣ ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ቀጥሎም ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል ሥራ አለ። አንድ ሠፈር ሊፈርስ ሲወሰን የተማሪ ቡድን አስቀድሞ ገብቶ መንገዶቹን ይለካ፤ ቤቶቹን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የእድሮቹንና የእቁቦቹን ስም፣ የነዋሪዎቹን የሥራ ዓይነትና የሚሄዱበትን ቦታ ይመዝግብ። መዝገቡም በግቢው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ እነዚያን ቤተሰቦች ፈልጎ ኑሮአቸውን መጠየቅና ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር ማነጻጸር ለአንድ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ለቀጣዩ ፕላን አውጪም ከማንኛውም የአፈር ናሙና የማያንስ መረጃ ይሆናል።